ባዶ ማኅደር



«ስለ ገዳም ጉብኝትህ ጻፍልን» ከተባልሁ ወራት አልፈዋል። ስለ ጉብኝቱ ለመጻፍ አስቀድሜ ስለ ራሴ የማፍርበትን ነገር መናገር ስለሚኖርብኝ እስከ ዛሬ ዘገየሁ። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው «ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ጻፈው፤ ለመወደድ ከሆነ ተወው» አሉኝ። የትኛው እንደ ሆነ ራሴም በሚገባ አላወቅሁም፤ ነገር ግን ሌላ ምክንያትም ስላለኝ ጻፍሁት። ምክንያቱን ስትጨርሱት ታገኙታላችሁ።

ባሕር ዳር የሥነ ሕንፃ ተማሪ መሆኔን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ2015 ዓ.ም. የሥነ ሕንፃ ታሪክ መምህራችን በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ስለ ተስፋፋው ስለ ባሮክ ጥበብ ሲያስተምሩን አንድ ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ አሳዩን። በኦስትሪያ ተራሮች መካከል የሚገኘው የአድሞንት ገዳም ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሥራው በ1776 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀ፣ ርዝመቱ 70 ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ረጅም አዳራሽ ነው። መደርደሪያዎቹ ነጭና ወርቅማ ሲሆኑ በአዳራሹ ውስጥ 70 ሺህ ገደማ መጻሕፍት ተሰድረዋል። ጣሪያው ሰባት ጉልላት አለው፤ ሰባቱንም ባርቶሎሜዎ አልቶሞንቴ የተባለ ሠዓሊ ዕድሜው ሰማንያን ካለፈ በኋላ በሥዕል ሞልቷቸዋል። ባሮክ እንዲህ ነው። ቀጥ ያለ መስመር አይወድም፤ ወርቁን፣ ቅርጹን፣ ቀለሙንና የመስኮቱን ብርሃን አስተባብሮ የገባውን ሰው ሁሉ ቀና አድርጎ ያስደንቀዋል። እኔን ከወርቁ ይልቅ የያዘኝ ግን በመጻሕፍቱ መካከል የቆሙት አራት ታላላቅ የእንጨት ቅርጾች ነበሩ። ዮሴፍ ሽታመል የተባለ ጠራቢ የሠራቸው ናቸው፤ ሞትን፣ ፍርድን፣ ገሃነምንና መንግሥተ ሰማያትን ያመለክታሉ። እንዲህ ያለ ቅርጽ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የለም፤ ሐሳቡ ግን ገባኝ። እዚያ ቤት መጽሐፍ ሊያነብ የገባ መነኩሴ አራቱን ሳያይ አይወጣም።

መምህራችን «ከእኛ ሀገር ይህን የሚያስታውሳችሁ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አንድ የጎንደር ልጅ ፈጥኖ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ አነሣ። በዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዘመን የተመሠረተው የዚያ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ቀና ያለውን ሁሉ ቁልቁል በሚመለከቱ የመላእክት ፊቶች የተሞላ ነው። መምህሩ ደስ አላቸው። «መልካም፤ እርሱ ግን ቤተ መቅደስ ነው። እኔ የጠየቅሁት ስለ ቤተ መጻሕፍት ነው። የገዳሞቻችን መጻሕፍት የሚኖሩት የት ነው? ገብቶ ያየ አለ?» አሉ። ዲያቆን መሆኔን የሚያውቁት ጓደኞቼ ወደ እኔ ዞሩ። ተነሥቼ «ዕቃ ቤት ይባላል» አልሁ። «ገብተህ ታውቃለህ?» ሲሉኝ «የገዳም ዕቃ ቤት ገብቼ አላውቅም» ብዬ ተቀመጥሁ።

በዚያው ዓመት፣ ከትንሣኤ በኋላ ባለው ሰሞን፣ ከግቢ ጉባኤያችን ጋር ወደ ክብራን ገብርኤል ለመሄድ ተነሣን። ክብራን ለባሕር ዳር ቅርብ ነው፤ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። በሥርዓቱ ሴቶች ስለማይገቡበት እኅቶቻችን በአጠገቡ ባለችው ደሴት፣ በእንጦስ ኢየሱስ የሴቶች ገዳም ወረዱ። ከእነርሱ አንዷ ከጀልባው ስትወርድ ዞር ብላ «መጻሕፍቱን በደንብ እይልን፤ ደግሞ እንደ ባለፈው ዓመቶቹ ሥዕሉ ያምራል ብላችሁ ብቻ እንዳትመጡ» አለችኝ። ይህ ቃሏ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ዋለ።

ገዳሙን በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት አቡነ ዘዮሐንስ ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ ዙሪያውን በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ምሳሌ ዐሥራ ሁለት ዓምዶች ቆመውለታል። ስለ ሕንፃው ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሬም በዚያ ቀን ከሣልሁት ንድፍ የተነሣ ሞልቷል። የሄድሁበት ጉዳይ ግን እርሱ ስላልሆነ ልለፈው።

ዕቃ ቤቱ ከአድሞንት ጋር የሚያወዳድሩት ነገር አይደለም። ወርቅ የለውም፤ ጉልላት የለውም፤ ብርሃኑም የሚገባው በበሩ በኩል ነው። ዕቃ ቤት ጠባቂው አባት ቁልፋቸውን አውጥተው ከከፈቱ በኋላ ከደጃፉ ላይ እንድንቆም አዘዙን። መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነበር፤ የቆዳ፣ የዕጣን፣ የጢስና የአሮጌ ጨርቅ ሽታ በአንድነት። ዓይናችን ጨለማውን ሲለምደው በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ማኅደሮች አየን። የአድሞንት መጽሐፍ ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ለመታየት የቆመ ነው። የእኛው በቆዳ ማኅደር ተሸፍኖ፣ ጠፍሩ በትከሻ ለመንገት የተዘጋጀ ሆኖ ይሰቀላል። ይህ ያለ ምክንያት አልመጣም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት ጊዜ በየብስ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ ንዋያተ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ወደ ጣና ደሴቶች እየሸሹ የተረፉት በእንዲህ ያለ ማኅደር በሰው ትከሻ ላይ ሆነው ነው። ጌጠኛ አዳራሽ የሚሠራ ሰው ነገም በዚያው ቦታ እንደሚኖር እርግጠኛ የሆነ ሰው ነው።

አባታችን አንድ መጽሐፍ አውርደው በአትሮንሱ ላይ ዘረጉ። «እጃችሁን ከኋላ አድርጉ» አሉንና ይገልጡልን ጀመር። የመጻሕፍቱን አሠራር ሲያስረዱ ቸኩለው አያውቁም። ቆዳው እንዴት እንደሚወጠር፣ ጠጕሩና ስቡ እንዴት እየተፋቀ እንደሚለሰልስ፣ ቀለሙ ከጥላሸትና ከቅጠላ ቅጠል ተቀምሞ እንዴት እንደሚሰነብት፣ ብዕሩ ከመቃ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ገበታው ከምን እንጨት እንደሚወጣ ነገሩን። ጸሓፊው የእግዚአብሔርን፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ብዕር አስቀምጦ ቀዩን ያነሣል። እኔ በንባብ ቤት ሳለሁ ቀይ ቀለም ማለት ድምፅ የሚነሣበት ምልክት ይመስለኝ ነበር! አንድ ሰው በየመሥመሩ ሥራውን አቁሞ ብዕር መለወጡን አስቤው አላውቅም።

ከዚያ ሐረጉን አሳዩን። በምዕራፉ ራስ ላይ እንደ ተክል እየተጠላለፈ የሚወርደውን፣ መጀመሪያውና መጨረሻው የማይለየውን ጌጥ። ከአጠገቤ የነበረው የጎንደሩ ልጅ «ይኸውልህ ባሮክህ» ብሎ ጎሸመኝ። ስሕተቱ ግን ግልጽ ነበር፤ ሐረግ ባሮክ በአውሮፓ ሳይታሰብ ከመቶዎች ዓመታት በፊት በመጻሕፍታችን ላይ ነበረ። ባሮክን የሚያስታውስ ነገር ያየሁት በሌላ መጽሐፍ፣ በጎንደር ዘመን በተሣለ ተአምረ ማርያም ላይ ነው። የእመቤታችን ልብስ በአበባ የተጠለፈ ሐር መስሎ ተሥሏል፤ ከጀርባዋ ያለው መደብ አንድ ወጥ ቀለም መሆኑን ትቶ ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ እያለ ይሻገራል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ጊዜ የጎላው የአሣሣል ስልት ይህ ነው። የዚያ ዘመን ሠዓሊዎቻችን የአውሮፓን ሥዕል ጨርሰው የማያውቁ አልነበሩም። ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ከሮም ያመጡት የእመቤታችን ሥዕል ግልባጭ በሀገራችን ተባዝቷል፤ በሮም በ1591 እ.ኤ.አ. የታተመው ዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም በጎንደር ዘመን ለተሣሉ ወንጌሎች አርአያ ሆነዋል። ዐፄ ፋሲል ሚስዮናውያኑን አሰናብተዋል፤ ሠዓሊዎቹ ግን ያዩትን መልካም ነገር በራሳቸው እጅ አዙረው፣ ከተዋሕዶ ሃይማኖታቸው ሳይወጡ ተጠቀሙበት። ይህን ለመምህሬ ጽፌ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን አልጻፍሁላቸውም።

አባታችን «ከእናንተ ዲያቆን ማነው?» አሉ። ቀረብሁ። «ከየት ነህ?» አሉኝ። «ከዐሰበ ተፈሪ ነኝ፣ አባ» አልሁ። ፊታቸው በራ። «የአሰቦት ጎረቤት! የአቡነ ሳሙኤል ዘደብረ ወገግ ልጅ! ገድሉን አንብበሃል?» አሉኝ። አሁንም አላነበብሁም።

የእኛ ሰው አሰቦትን ያውቃል። ወደ አዲስ አበባ ስንጓዝ ከመንገዱ ላይ ተራራውን አይተን እናማትባለን፤ ለሥላሴ በዓል በእግራችን ወጥተናል። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደቀ መዝሙር የነበሩት አቡነ ሳሙኤል የተጋደሉበት ገዳም ነው። እኔ ግን ከተማችን ከተቆረቆረች ገና መቶ ዓመት ገደማ ስለሆናት ይሁን አላውቅም፣ አሮጌ መጽሐፍና አሮጌ ታሪክ ያለው በጎንደርና በጣና እንጂ በእኛ ሀገር አይመስለኝም ነበር። ገድሉን አንድ ተመራማሪ ከትርጉም ጋር በ1968 እ.ኤ.አ. በቤልጅግ ሀገር በሉቨን እንዳሳተሙት ያወቅሁት ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው። ከቤቴ ደጃፍ የሚታየውን ተራራ ታሪክ በሉቨን አንብበውታል።

«እስቲ ይችን አንብብ» አሉና የአንድ መጽሐፍ መጨረሻ ቅጠል ገለጡልኝ። ከጽሑፉ ማብቂያ በኋላ በሌላ እጅ የተጨመሩ ጥቂት መሥመሮች ናቸው። አነበብሁት። ንባብ አላስቸግርም፤ ፊደልና አቡጊዳ ቈጥሬ፣ ውርዱንና ቁሙን አጠናቅቄ፣ ዳዊት ደግሜ ነው የተካንሁት። ድምፄም መልካም ነው ይሉኛል። ጓደኞቼ ጸጥ ብለው አዳመጡኝ። ስጨርስ አባታችን «ጥሩ ታነባለህ። ምን ይላል?» አሉኝ።

መጽሐፉን ማን እንዳጻፈውና ለማን እንደ ሰጠው እንደሚናገር ተናገርሁ። «እርሱስ መጀመሪያው ነው። ከዚያ በኋላ?» አሉ። ዝም አልሁ። ጣታቸውን ከቅጠሉ ሳያስነኩ ወደ አንድ ቃል አመለከቱኝ። «ዘሤጦ» ይላል። «የሸጠውን ማለት ነው። የሰረቀውን፣ ስሙን የፋቀውን፣ የሸጠውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። የአባቶቻችን የመጽሐፍ ቁልፍ ይህ ነበር፤ ሌላ ቁልፍ አልነበራቸውም» አሉና መጽሐፉን ከደኑት። ጓደኞቼ ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ጀርባዬ በላብ ራሰ። ቃሉን በዜማ አሳምሬ ያነበብሁት እኔ ነኝ።

እናቴ ከአባቷ የወረሰችው አንድ የብራና ዳዊት ነበረን። የአያቴ አባት ከመንዝ ወደ ጨርጨር ሲመጡ በትከሻቸው ነግተውት መጡ ይባላል። መቶ ኀምሳው መዝሙር፣ ጸሎተ ነቢያቱ፣ መኃልየ መኃልዩ፣ ውዳሴ ማርያሙና አንቀጸ ብርሃኑ ሁሉ ያለበት ሙሉ ዳዊት ነው፤ በየዐሥሩ መዝሙር ላይ በቀይና በጥቁር የተሣለ ትንሽ ሐረግ አለው። በ2004 ዓ.ም. የአሰቦት ገዳም ደን ሲቃጠል እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ወጣቶች እሳቱን ሊያጠፉ ሲሄዱ አያቴ እርጅና ስለ ከለከላቸው በዚያ ሌሊት ተቀምጠው ዳዊቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ደገሙት። ኩራዙን የያዝሁላቸው እኔ ነኝ፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ ብርሃኑ ያዘነብላል፣ እርሳቸው ግን ሳያዩትም ይቀጥሉ ነበር።

አያቴ ካረፉ በኋላ ዳዊቱ በማኅደሩ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እኔ በስልኬ ላይ ስለምደግም አላወርደውም ነበር። በ2013 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ስገባ ላፕቶፕ አስፈለገኝ፤ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ያለ ላፕቶፕ አይገፋም። አንድ ዘመዳችን አሮጌ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይዞ መጣ። እናቴ «የአባባ ነው፤ ግን ካንተ ትምህርት አይበልጥም፤ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ። እኔም ዐወቅሁ! ዲያቆን ስለሆንሁ የመጽሐፍ ነገር የሚጠየቀው ለእኔ ነበር። ገዢው ቅጠሉን እየገለጠ ሲቈጥር፣ ሐረጎቹን በስልኩ ሲያነሣ፣ እኔ የማስበው ዋጋ ይጨምር እንደ ሆነ ብቻ ነበር። ዐሥራ ስምንት ሺህ ብር ሰጠን። ማኅደሩን ጠፍሩ ስለተበጠሰ አልፈለገውም፤ መጽሐፉን በፌስታል አድርጎ ሄደ። ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት በግቢ ጉባኤ የኪነ ጥበብ ምሽት ስለ መቅደላ መጻሕፍት ጽሑፍ አቅርቤ ነበር። የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ስለ ወሰዳቸው፣ 350 የሚያህሉት ለንደን ስለ ገቡት መጻሕፍት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እጄን አወናጭፌ ተናገርሁ። ተጨበጨበልኝ። ስለ ቤታችን ዳዊት ትዝ አላለኝም። ክብራን ላይ ቆሜ እስካነበው ድረስ ሁለቱን አገናኝቼ አላውቅም፤ የእኔ «ሽያጭ» ነበር፣ የእነርሱ ዘረፋ።

ከደሴቷ ስንመለስ እኅታችን «እሺ፣ ምን አያችሁ?» አለችኝ። «ሥዕሉ ያምራል» ብዬ መለስሁላት። በኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

የንስሐ አባቴ የሰጡኝን ሁሉ እዚህ አልዘረዝርም፤ የፈቀዱልኝን ሁለቱን ብቻ እነግራችኋለሁ። አንደኛው «መጽሐፉን ፈልግ» የሚል ነው። ፈለግሁ። የገዢው ስልክ አይሠራም፤ ዘመዳችንም ሰውየውን ድሬዳዋ ያገኘው እንደ ሆነ እንጂ ስሙን እንኳ በትክክል አያውቀውም። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 እንደ ተከለከለ አሁን አውቃለሁ። ይሁን እንጂ ማታ ማታ በኢንተርኔት የሚወጡትን የጨረታ ገጾች ስመለከት የኢትዮጵያ ዳዊቶች፣ አንዳንዶቹም ቅጠል በቅጠል ተገንጥለው፣ ዋጋ ተለጥፎባቸው አያለሁ። በሐረጉ አውቀው ይሆናል እያልሁ እያንዳንዱን አሰፋዋለሁ። በዚሁ ላፕቶፕ በሩቅ ሀገር ቤተ መጻሕፍት ያሉ የብራና መጻሕፍትን ምስል እከፍታለሁ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ የተነሡት የሀገራችን መጻሕፍት ቅጂ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኝ የቤኔዲክታውያን ገዳም ተቀምጧል፤ ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ የዘረዘሯቸው እነርሱን ነው። የአድሞንት ገዳምም በ1865 እ.ኤ.አ. በእሳት ሲጋይ ቤተ መጻሕፍቱ እንደ ተረፈ አንብቤያለሁ። የእኛ ቤት አልተቃጠለም፤ አልተዘረፈምም።

ሁለተኛው «እስክታገኘው ድረስ የሸጥኸውን ተማረው» የሚል ነው። ስለዚህ ዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ከሰበካችን መሪጌታ ዘንድ የዳዊትን ትርጓሜ እማራለሁ። ያጠናሁትን በወረቀት እየገለበጥሁ አስቀምጣለሁ፤ ቀይ የሚገባውን በቀይ እጽፋለሁ። ከመቶ ኀምሳው ገና አርባውን አላለፍሁም። ቀድሞ በአንድ ትንፋሽ እወርደው የነበረው መዝሙር አሁን አንዳንዱ ሁለት ቀን ይወስድብኛል። መሪጌታ ሲቈጡ «አንተ፣ በዜማ አትለፈው!» ይላሉ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ጋር የአጥቢያችንን መጻሕፍት ለመመዝገብ ተነሥተን ነበር። እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። ዕቃ ቤቱን የያዙት አባት ስልካችንን ሲያዩ «ፎቶው ወጥቶ ሌባ ቢጠራስ?» ብለው በሩን ዘጉት። አንዳንዶቻችን ቅር አለን፤ ኋላቀርነት ነው ያለም ነበር። እኔ ግን ገዢው በስልኩ ሐረጎቹን ሲያነሣ ስላየሁ እውነታቸውን እንደ ሆነ መሰከርሁ። በመጨረሻ ፎቶግራፉ ከሰበካ ጉባኤው ካዝና እንዳይወጣ፣ በኢንተርኔትም እንዳይለጠፍ ተስማማንና ቈጠርን። ቅጠሉን፣ ገበታውን፣ የመጨረሻውን ጽሑፍ፣ የጎደለውን ሁሉ በመዝገብ አሠፈርን። ማኅደር ያልነበራቸውን እናቶች በአቡጀዴ ሰፉላቸው። ስንት እንደ ሆኑ እዚህ አልጽፍም፤ ከአባታችን ጋር በዚህም ተስማምተናልና።

አሁን ወደ ጽሑፉ ምክንያት ልምጣ። ባለፈው ዓመት እናቴ ለፋይዳ መታወቂያ ልትመዘገብ ሄዳ የተወለደችበትን ቀን ተጠየቀች። ወደ እኔ ደወለችና «ልጄ፣ የእኔ ልደት መቼ ነው?» አለችኝ። አያቴ የልጆቻቸውን ልደት የጻፉት በዳዊቱ መጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ ነበር፤ ሌላ የትም አልተጻፈም። እኔም ሕፃን ሳለሁ አንብቤዋለሁ፤ ወሩ ኅዳር መሆኑን አስታውሳለሁ፣ ቀኑንና ዓመተ ምሕረቱን ግን አላስታውስም። እናቴ በግምት አንድ ቀን ነገረቻቸውና ተመዘገበች። እኔን አልወቀሰችኝም። ማኅደሩን ግን አሁንም ከግድግዳው አላወረደችውም፤ በየሳምንቱ አቧራውን ትጠርገዋለች።

ስለዚህ በድሬዳዋም፣ በሐረርም፣ በአዲስ አበባም፣ በውጭ ሀገርም ያላችሁ አንባብያን፣ ይህን መሳይ ዳዊት በዕቃ ሻጭ ዘንድ፣ በሰው ቤት፣ ወይም በጨረታ ገጽ ብታዩ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት አሳውቁልን። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያነሰ ነው። የፊት ገበታው ለሁለት ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። በውዳሴ ማርያሙ መጀመሪያ፣ በግራ በኩል፣ የኩራዝ ዘይት የፈሰሰበት ክብ ነጠብጣብ አለ፤ እርሱን ያፈሰስሁት በአሰቦት ሌሊት እኔ ነኝ። በመጨረሻው ቅጠል ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ የተጻፉ አራት ልደቶች ይገኛሉ። ሦስተኛው በኅዳር ወር የሆነው የእናቴ ነው። መጽሐፉን ማስመለስ ባይቻል እንኳ ያን ቀን አንብባችሁ ላኩልን።